የወርቅ ሱሪዋ ዋጋ፦ ኦሃዮ ስቴት፣ ኳሱና ገንዘቡ

በኮሎምበስ ከተማ የሚገኘው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾቹ የሚሰጣት አንዲት ሽልማት አለች። ዋንጫም ሜዳልያም አይደለችም። ከቁልፍ ጋር ብትንጠለጠል የማትከብድ፣ ከኪስ ወድቃ ብትጠፋ በቀላሉ የማትገኝ፣ የወርቅ መልክ ያላት ትንሽ የሱሪ ቅርጽ ናት። የተጫዋቹ ስም መነሻ ፊደላት፣ ዓመቱና የጨዋታው ውጤት ይቀረጽባታል። እሷን ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ግዛቱን ዩኒቨርሲቲ ሚሺጋንን ማሸነፍ።

ነገሩ የተጀመረው በ1934 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አዲስ የተቀጠረው አሰልጣኝ ፍራንሲስ ሽሚት ስለ ሚሺጋን ብርታት ሲነሳበት፣ እነሱም እንደ ማንኛውም ሰው ሱሪያቸውን የሚያጠልቁት አንድ እግር በአንድ እግር ነው ብሎ መለሰ። አባባሉ የከተማዋን ነጋዴዎች ስላስደሰታቸው ሱሪዋን አሠርተው ለአሸናፊዎቹ ማደል ጀመሩ። ሽሚትም አላሳፈራቸውም። ከ1934 እስከ 1937 ሚሺጋንን 4 ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም።

በታኅሣሥ 2010 ይቺው ሱሪ የወንጀል ማስረጃ የመሰለች ነገር ሆነች። የቡድኑ ኳርተርባክ (ኳሷን ተቀብሎ የሚያከፋፍለውና የሚወረውረው ተጫዋች) ቴሬል ፕራየርና 4 ጓደኞቹ ያገኟቸውን ሽልማቶች ሸጠው ገንዘብ ወስደዋል፣ በቅናሽም ተነቅሰዋል ተብለው ከ5 ጨዋታ ታገዱ። ፕራየር ከሸጣቸው መካከል የ2008 የወርቅ ሱሪው ነበረችበት። የሻምፒዮና ቀለበቱንና ሌላ አንድ ሽልማት ጨምሮ እንዲመልስ የታዘዘው 2,500 ዶላር ነው። በ2024 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር ሮስ ብዮርክ የዓመቱ ቡድን ተጫዋቾች ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ክፍያ እንደሚያገኙ በአደባባይ ተናገረ። ማንም አልታገደም። ቡድኑም የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

በሁለቱ መካከል ያለፈው 14 ዓመት ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ገንዘብ የኮሌጅ ስፖርትን አበላሸው» እያለ የሚያዝነው በዚህ ለውጥ ነው። የኦሃዮ ስቴትን ታሪክ ከሥር ጀምሮ ለተከታተለ ግን ኀዘኑ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ገንዘቡ ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ነበር። ስታዲየም ሠርቷል፣ አሰልጣኝ አባሯል፣ ከመምህራን ጋር ተጣልቷል። ሳይደርሳቸው የቆዩት ኳሷን የሚሸከሙት ልጆች ብቻ ናቸው።

እኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲጫወት ለማየት የሚመጣው የዶርም ጓደኛና ምናልባት አንድ ሁለት መምህር ነው። ኮሎምበስ ውስጥ ግን በመኸር ቅዳሜ የሚሰበሰበው ከ100 ሺህ ሕዝብ በላይ ነው። እዚያ የሚኖር፣ በተለይ መኪና እየነዳ የሚያድር ሐበሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጨዋታ ባለበት ቀን በሃይ ስትሪትና በሌን አቬኑ ማለፍ አይታሰብም፣ የመኪና ማቆሚያ ዋጋ ደግሞ አይነሳ። ክሊቭላንድና ሲንሲናቲ የየራሳቸው የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ቡድን አላቸው። ኮሎምበስ ግን የግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ሳለ በዚያ ሊግ ቡድን የላትም። ፍቅሯ ሁሉ የሚፈሰው ወደ ተማሪዎቹ ነው።

አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው ጨዋታ በግንቦት 3 ቀን 1890 በዴላዌር ከተማ ከኦሃዮ ዌስሊያን ጋር ተደርጎ ኦሃዮ ስቴት 20 ለ 14 አሸነፈ። ከሚሺጋን ጋር መገናኘት የጀመረው በ1897 ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት አሥርት ዓመት የውርደት ዘመን ነው። በ1902 የተቆጠረበት 86 ነጥብ ነበር፤ እሱ አንድም አላስቆጠረም። እስከ 1918 ከተደረጉት 15 ጨዋታዎች 13ቱን ተሸንፎ ሁለቱን አቻ ወጣ።

ይህን የቀየረው ቺክ ሃርሊ የሚባል የኮሎምበስ ልጅ ነው። ከኢስት ሃይስኩል የመጣ፣ ቁመቱ አጭር፣ ሲሮጥ ግን የሚይዘው ያልተገኘ። በ1916 ቡድኑን ለመጀመሪያ የቢግ ቴን (ቡድኑ የሚወዳደርበት፣ ኮንፈረንስ የሚሉት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ሻምፒዮናው አበቃ። በ1919 ደግሞ ሚሺጋንን 13 ለ 3 አሸነፉ፤ በታሪካቸው የመጀመሪያው። እሱን ለማየት የሚጎርፈውን ሕዝብ የድሮው ሜዳ አልችለው አለ። ያኔ አንድ የምሕንድስና ሥዕል መምህር፣ ቶማስ ፍሬንች፣ ትልቅ ስታዲየም ይሠራ ብሎ ተነሳ። ኳስ ትምህርቱን ዋጠው እያልን ዛሬ በምናማርርበት ጉዳይ መጀመሪያ ላይ የቆመው ፕሮፌሰር መሆኑ ያስቀኛል።

በ1920 መዋጮ ተጀመረ። የታሰበው 600 ሺህ ዶላር ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቃል የተገባው ከ1 ሚሊዮን አለፈ። በጊዜው የከተማዋ ነዋሪ 237 ሺህ ገደማ ነበር፤ ስታዲየሙ ደግሞ ከ66 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታቀደ። ከአራት ነዋሪ አንዱ ካልመጣ አይሞላም ማለት ነው፤ ሰዎች እብደት ነው ማለታቸው አያስገርምም። በ1922 ተከፈተ። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ብረት ስለሚመስል እስከ ዛሬ «ሆርስሹ» ይሉታል። ሚሺጋን በምረቃው ጨዋታ መጥቶ 19 ለ 0 አሸንፎ ሄደ፤ የአሁኑ ባለ 102,780 መቀመጫ ስታዲየም የተመረቀው በሽንፈት ነው።

ሃርሊስ? ለሦስት የውድድር ዘመን ያለ ደመወዝ ተጫወተ፤ ደንቡ ነበር። ከዚያ ቺካጎ ሄዶ የፕሮፌሽናል ኳስ ሞከረ። ብዙም ሳይቆይ የአእምሮ ሕመም ያዘውና ቀሪ ዕድሜውን አብዛኛውን በኢሊኖይ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል አሳለፈ። በ1948 ኮሎምበስ ሲመለስ ከተማዋ እንደ ንጉሥ በሰልፍ ተቀበለችው። ስታዲየሙን «ሃርሊ የሠራው ቤት» ይሉታል።

እዚህ ላይ ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ቀጥሎ ላለው ታሪክ ያስፈልጋል። ኳስ የያዘ ቡድን 4 ሙከራ አለው። በነዚህ ውስጥ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። የማይሆን ሲመስለው በእግሩ መትቶ ወደ ተጋጣሚው ጫፍ ያርቃታል። ጨዋታው በመሠረቱ የመሬት ጦርነት ነው፤ በጉልበት ስንዝር በስንዝር ይገፋል፣ ድንገት ደግሞ አንድ ረጅም ውርወራ ሁሉን ይገለብጠዋል።

በኅዳር 25 ቀን 1950 ሚሺጋን በበረዶ ማዕበል ውስጥ ኮሎምበስ መጣ። መስመሮቹ አይታዩም፤ ሠራተኞች በመጥረጊያ በረዶ እየጠረጉ የግቡን መስመር ይፈልጉ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች ኳስ መያዝ አደጋ እንደሆነ ስለገባቸው 45 ጊዜ በእግራቸው እየመቱ አራቋት። ሚሺጋን ጨዋታውን ሙሉ አንዴም 10 ያርድ ገፍቶ አዲስ ሙከራ ሳያገኝ፣ ኦሃዮ ስቴት ሊያርቃት ሲል እየመለሰ 9 ለ 3 አሸነፈ። አሰልጣኙ ዌስ ፌስለር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥራውን ለቀቀ። በዚያ ዘመን ኦሃዮ ስቴት የአሰልጣኞች መቃብር ይባል ነበር። በ1942 የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያመጣው ፖል ብራውን እንኳ የቆየው ሦስት ዓመት ነው።

በፌስለር ቦታ የመጣው ዉዲ ሄይስ ግን 28 ዓመት ቆየ። ከ1951 እስከ 1978 ባለው ጊዜ 205 ጨዋታ አሸንፎ 5 ብሔራዊ ሻምፒዮና (1954፣ 1957፣ 1961፣ 1968፣ 1970) አስቆጠረ። አጨዋወቱ «3 ያርድና የአቧራ ደመና» ተብሎ ይጠራል። ወርውሮ ከመጣል ይልቅ ኳሷን ለሯጭ ሰጥቶ በጉልበት መግፋት። የደመወዝ ጭማሪ ሲቀርብለት ይመልስ ነበር። የአሁኑ አሰልጣኝ ራያን ዴይ በ2025 የፈረመው ውል በዓመት በአማካይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሄይስን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም ይህን የማነሳው። በ1978 መጨረሻ በጌተር ቦውል ጨዋታ ኳስ የነጠቀውን የክሌምሰን ተጫዋች በቴሌቪዥን ፊት በቡጢ መትቶ በማግሥቱ የተባረረ ሰው ነው።

በሄይስ ዘመን የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ከሻምፒዮናዎቹ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። በ1961 ቡድኑ አንድም ሳይሸነፍ፣ 8 አሸንፎ በ1 አቻ ወጥቶ፣ ካሊፎርኒያ ለሚደረገው የሮዝ ቦውል ጨዋታ ተጋበዘ። ለአንድ የኦሃዮ ገበሬ ልጅ በጥር ወር ካሊፎርኒያ ሄዶ መጫወት የሕይወት ሕልም ነው። የዩኒቨርሲቲው የመምህራን ምክር ቤት ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ፤ 28 ለ 25 አይሄዱም ተባለ። ኳሱ ከዩኒቨርሲቲው በልጧል፣ የኦሃዮ ስቴት ስም በውጭ የሚታወቀው በትምህርት ሳይሆን በጉልበት ሆኗል የሚል ስጋት ነበራቸው። ተማሪው ሃይ ስትሪት ወጥቶ እስከ ግዛቱ ምክር ቤት ሰልፍ ወጣ። ጋዜጣው የመምህራኑን ስም አትሞ አወጣ። ቡድኑም ቀረ፤ በምትኩ ሚኒሶታ ሄዶ ተጫወተ።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኳሱን በድምፅ ማስቆም የቻሉበት እንዲህ ያለ ጊዜ እምብዛም አይገኝም፤ በኦሃዮ ስቴት ደግሞ አልተደገመም። ዛሬ አንድ የመምህራን ምክር ቤት ቡድኑ ለብሔራዊ ዋንጫ አይጫወትም ብሎ ቢወስን ምን እንደሚሆን ማሰቡ ይበቃል። የሚገርመው ያኔም ቢሆን ማንም ያላነሳው ጥያቄ ነው። መምህራኑ ኳሱ ለዩኒቨርሲቲው ይበጃል አይበጅም ብለው ተከራከሩ፤ ደጋፊው ለከተማው ክብር ጮኸ። ለልጆቹ ምን ይድረሳቸው ያለ አልነበረም።

ሚሺጋን ለ1969 የውድድር ዘመን የቀጠረው አሰልጣኝ ቦ ሼምቤክለር በሄይስ ሥር ተጫውቶ በሄይስ ሥር የሠለጠነ ሰው ነበር። የዚያን ዓመት የማይበገረውን የመምህሩን ቡድን 24 ለ 12 ጣለው። ከዚያ እስከ 1978 ያለው «የ10 ዓመቱ ጦርነት» ነው፤ ሚሺጋን 5 አሸነፈ፣ ኦሃዮ ስቴት 4፣ አንዱ አቻ። በዚህ መካከል የኮሎምበሱ ልጅ አርቺ ግሪፊን በ1974 እና በ1975 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሆነበትን የሃይስማን ዋንጫ ሁለቴ ወሰደ። ሁለቴ የወሰደ ሌላ ተጫዋች እስካሁን የለም። በጠቅላላው የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ይህን ዋንጫ 7 ጊዜ ወስደዋል።

ጥላቻው ከውጭ ላለ ሰው ቀልድ ይመስላል። በሚሺጋን ሳምንት በግቢው ውስጥ ባሉ ጽሑፎች ላይ ያለው «ኤም» ፊደል ሁሉ በቀይ ቴፕ ይሰረዛል። ለአሰልጣኞች ግን ቀልድ አይደለም። ጆን ኩፐር በ13 የውድድር ዘመን 111 ጨዋታ አሸነፈ፤ በየትኛውም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሐውልት የሚያሠራ ቁጥር ነው። በሚሺጋን ላይ ግን 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፣ 1 አቻ ወጣ። በ2001 መጀመሪያ ተሰናበተ። እሱን የተካው ጂም ትሬሰል በዚያው ወር በቅርጫት ኳስ ጨዋታ እረፍት ላይ ማይክ ይዞ በ310 ቀን ውስጥ በሚሺጋን ሜዳ፣ አን አርበር ላይ በልጆቹ እንደሚኮሩ ለደጋፊው ቃል ገባ። ቀኑን ሳይቀር ቆጥሮ መጥቷል። ሄዶም አሸነፈ።

ትሬሰል በ2002 የውድድር ዘመን ሚያሚን በሁለት ተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 24 ረትቶ ከ1970 ወዲህ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አመጣ። ሚሺጋንን 10 ጊዜ ገጥሞ 9 ጊዜ አሸነፈ። ከዚያ የንቅሳቱ ጉዳይ መጣ። ልጆቹ ንብረታቸውን መሸጣቸውን በ2010 ሚያዝያ በኢሜይል ተነግሮት ለበላይ አካል አላሳወቀም። በግንቦት 2011 ሥራውን ለቀቀ። የ2010 ድሎች በሙሉ ከመዝገብ ተፋቁ፤ በሚሺጋን ላይ የተገኘውም ጭምር። በ2012 ቡድኑ 12 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ለዋንጫ እንዳይጫወት ተከለከለ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፦ አንድ ወጣት በላቡ ያገኘውን፣ በስሙ የተቀረጸ ሱሪ ሸጠ። ዩኒቨርሲቲው የዚያኑ ልጅ ቁጥር ያለበትን ማሊያ በመደብሩ ይሸጥ ነበር። የተቀጣው የመጀመሪያው ሽያጭ ነው።

(ትሬሰል በየካቲት 2025 የኦሃዮ ምክትል ገዢ ሆኖ ተሾመ። ከተማዋ የማን ጥፋት ከባድ እንደነበር የራሷን ፍርድ የሰጠች ይመስላል።)

ግድቡ የተናደው በፍርድ ቤት ነው። በሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ለተማሪ ስፖርተኞች የሚሰጥ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ላይ ጣሪያ ማድረጉ ሕግን ይጥሳል ብሎ 9 ለ 0 ወሰነ። ከቀናት በኋላ፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ፣ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ማስታወቂያ ሠርተው እንዲከፈላቸው ተፈቀደ። በወረቀት ላይ የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። በተግባር ሀብታም ደጋፊዎች «ኮሌክቲቭ» የሚሉትን ማኅበር እያቋቋሙ ተጫዋች ማስፈረሚያ አደረጉት። በዚያው ዓመት ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር አንድ ዓመት መቀመጡ ስለቀረ፣ ሁለቱ ተደምረው ገበያውን ከፈቱት።

ገበያው ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ሰው ይበቃል። ኳርተርባኩ ክዊን ዩወርስ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቱን ትቶ በነሐሴ 2021 ኦሃዮ ስቴት ገባ፤ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል የተባለ የማስታወቂያ ውል ይዞ። በዚያ ዓመት ሜዳ ላይ የተሳተፈው በሁለት ሙከራ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ወደ ትውልድ ግዛቱ ቴክሳስ ተዛወረ። ኮሎምበስ ሳለ የዶርም ጓደኛው ጃክ ሶየር የሚባል፣ ከከተማዋ ጥግ ከፒከሪንግተን የመጣ ተከላካይ ነበር።

በኅዳር 30 ቀን 2024 ያ የ20 ሚሊዮን ዶላር ቡድን በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸነፈ፤ ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት። በግምት 20 ነጥብ ያህል ይበልጣል የተባለለት ቡድን ነው። ሚሺጋኖች ባንዲራቸውን በሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሉ ግብግብ ተነስቶ ፖሊስ በርበሬ ረጨ። (አንድ የኦሃዮ የሕዝብ ተወካይ በዚህ ስታዲየም ባንዲራ መትከልን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ቀልድ አይደለም።) ራያን ዴይ ይባረር የሚለው ጩኸት ከተማዋን ሞላ። ኩፐርን ያስታወሰ ሁሉ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያወቀ መስሎት ነበር።

የዳነው በአዲሱ የ12 ቡድን የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሪገንን 41 ለ 21 አሸንፎ በግማሽ ፍጻሜው ከቴክሳስ ጋር ተገናኘ። ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 እየመራ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ቴክሳስ ከግቡ 1 ያርድ ርቀት ላይ ደረሰ። ወደ ጎን ሲሮጡ ወደኋላ ተገፉ። በመጨረሻው ሙከራ ኳሷን የያዘው ዩወርስ ለመወርወር እጁን አነሳ። ሶየር መጥቶ ከእጁ አስጣላት፤ አንስቶም 83 ያርድ ሮጠ። ከኋላ የቀረው የድሮ የዶርም ጓደኛው ነው። በጥር 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖተር ዳምን 34 ለ 23 ረትተው ዘጠነኛውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ወሰዱ።

የቡድኑን ስብጥር ስናይ የገንዘቡ ሥራ ግልጽ ነው። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት፣ ሯጩ ክዊንሾን ጀድኪንስ ከኦል ሚስ፣ ተከላካዩ ኬሌብ ዳውንስ ከአላባማ የተዛወሩ ናቸው። ግን አንድ የማይታይ ነገርም አለ፦ እንደ ሶየር ያሉ፣ ወደ ኤንኤፍኤል ቀድመው መሄድ ሲችሉ ለተጨማሪ አንድ ዓመት የቆዩ ልጆች። የአዲሱ ዘመን ገንዘብ ትልቁ ጥቅም ምናልባት አዲስ ተጫዋች መግዛቱ ሳይሆን የራስን ልጅ ማቆየቱ ነው። በፊት አንድ የ21 ዓመት ልጅ ለቤተሰቡ ሲል ከመመረቁ በፊት ትምህርቱን ይጥል ነበር፤ አሁን እየተከፈለው የመጨረሻ ዓመቱን ይጨርሳል። ተማሪነትን አጠፋ የሚባለው ገንዘብ ተማሪ ሲያቆይ ማየት ያስደንቃል።

በሰኔ 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ነገሩን ጨርሶ ወደ ቢሮ አስገባው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለቀድሞ ስፖርተኞች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ይከፈላል፤ ግን ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱት ብቻ። ፕራየርና ጓደኞቹ አይመለከታቸውም። ፕራየር በ2024 ኦሃዮ ስቴትን፣ ቢግ ቴንንና ኤንሲኤኤን ከስሷል።

ለኔ የሚያሳስበው ተጫዋች መከፈሉ አይደለም። ጣሪያው የተሰላው የትልልቆቹ ኮንፈረንስ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያገኙት አማካይ ገቢ 22 በመቶ ተደርጎ ነው። በኤንኤፍኤል የተጫዋቾች ድርሻ 48 በመቶ አካባቢ ነው፤ ይህን ያገኙት ማኅበር ስላላቸውና በስማቸው የሚደራደር ስላለ ነው። የኮሌጅ ተጫዋች እስካሁን በሕግ ሠራተኛ አይባልም፤ ማኅበር የለውም፤ ጣሪያውን ሲያስቀምጡ ከሱ ጋር የተቀመጠ የለም። ደሞዝ አለው፣ የሥራ ውል ግን የለውም። የኦሃዮ ስቴት ስፖርት ክፍል በዓመት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገባ ተቋም ነው፤ 36 የስፖርት ቡድኖች አሉት፤ አብዛኞቹን የሚያኖራቸው ይህ የኳስ ገንዘብ ነው። አሁን አዲስ ተካፋይ ሲመጣ የሚያሳጥረው ማንን ነው? በኦሃዮ ስቴት ደረጃ ያለ ምናልባት ይችለው ይሆናል። በቦውሊንግ ግሪን ወይም በአክረን ደረጃ ያለ፣ ስታዲየሙ የማይሞላ ግን የዋናተኞቹንና የሯጮቹን ቡድን ማኖር ያለበት ዩኒቨርሲቲ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ አንዳንዴ የታሪክን ጥቅም ይሸረሽራል። ኢንዲያና በሽንፈት ብዛት ለረጅም ጊዜ ስሙ የሚነሳ ቡድን ነበር። በታኅሣሥ 2025 በቢግ ቴን ፍጻሜ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 ጣለው። ኳርተርባኩ ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከካሊፎርኒያ የተዛወረ ሲሆን በዚያው ወር የሃይስማን ዋንጫ ወሰደ። በጥር 2026 ደግሞ ኢንዲያና ሚያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ፤ አንድም ሳይሸነፍ። መቶ ዓመት የተሠራ ስታዲየምና ዝና ከጥሩ አሰልጣኝና ከሁለት ዓመት ብልህ ግዢ ጋር እኩል ሆኖ ሲመዘን ለኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ያማል፤ ለተመልካች ግን ውድድሩ ከበፊቱ ሕያው ነው።

በኅዳር 29 ቀን 2025 ኦሃዮ ስቴት አን አርበር ሄዶ ሚሺጋንን 27 ለ 9 አሸነፈ። የአራት ዓመት ድርቅ አለፈ፤ ልጆቹም እያንዳንዳቸው ሱሪያቸውን አገኙ። ከነሱ ውስጥ በዓመት በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚከፈላቸው አሉ። ጃክ ሶየር ያኔ በፒትስበርግ በኤንኤፍኤል ይጫወት ነበር። ከ2021 እስከ 2024 አራት ጊዜ ሚሺጋንን ገጥሞ አራት ጊዜ ተሸንፏል። የብሔራዊ ሻምፒዮና ቀለበት አለው፤ የወርቅ ሱሪ ግን የለውም።